ካውንተርቴነር በባሮክ ዘመን መንፈሳዊ ዜማ

ካውንተርቴነር በሴት አልቶ (ዝቅተኛው የሴት ድምፅ) ከፍታ የሚዘምር ጎልማሳ ወንድ ነው። አብዛኞቹ በንግግር ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ወደ ላይኛው ከፍታ የሚወጡት በፋልሴቶ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የድምፅ አውታሮች በሙሉ ውፍረታቸው ሳይሆን በጠርዛቸው ብቻ ይርገበገባሉ። ያልሠለጠነ ሰው ሲሞክረው ድምፁ ይሳሳል፣ ትንፋሽም ይበዛበታል። የሠለጠነው ግን በረጅም ልምምድ አጥርቶና አጠንክሮ ካቴድራል ይሞላበታል። ከፋልሴቶ ወደ ደረት ድምፅ፣ ማለትም በንግግር ወደምንጠቀምበት ወፍራም ድምፅ፣ ሲወርድ መሸጋገሪያው እንዳይሰማ ማድረግ ግን ጎበዞችንም የሚፈትን ነው።

በባሮክ ዘመን፣ ማለትም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 18ኛው አጋማሽ፣ በብዙ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ሴቶች ከመዘምራን ጋር አይቆሙም ነበር። የላይኛውን ዜማ ወንዶች ልጆች፣ በፋልሴቶ የሚዘምሩ ጎልማሶች፣ በጣሊያን ደግሞ በልጅነታቸው የተሰለቡ ዘማሪዎች ይይዙት ነበር። ለዜማ ሲባል በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ይህ ግፍ በምንም ውበት አይካስም። በእንግሊዝ ካቴድራሎች የወንድ አልቶ ልማድ አልተቋረጠም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ድምፁን ወደ ኮንሰርት መድረክ የመለሰው አልፍሬድ ዴለርም የካንተርበሪ ካቴድራል ዘማሪ ነበር።

የጥበቡን ልክ ለማየት የጣሊያናዊውን የዜማ ደራሲ የአንቶኒዮ ቪቫልዲን «ኒሲ ዶሚኑስ» መስማት ይበቃል። ቃሉ «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ» የሚለው የዳዊት መዝሙር ነው። ጌታ ለወዳጆቹ እንቅልፍን ይሰጣል የሚለው ስንኝ ላይ ሲደርስ የቫዮሊኖቹ ድምፅ ይታፈናል፣ ምቱ በዝግታ ይወዛወዛል፣ ዜማው በግማሽ ቃና እየተንፏቀቀ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ የሚፈለገው ጉልበት አይደለም። ዘማሪው አንዱን ቃና ከዝቅታ አንስቶ ቀስ በቀስ ያጎላዋል፣ መልሶም ያሳንሰዋል፤ ረጅሙን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ይዘልቀዋል፤ ንዝረቱን እየቆጠበ ቃሉ እንዲሰማ ያደርጋል። በእኔ እምነት የዚህ ድምፅ ትልቁ ችሎታ ከፍ ብሎ መውጣቱ ሳይሆን ይህ ቁጥብነት ነው።

የጀርመናዊው የዜማ ደራሲ የባኽ ፈተና ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1727 በላይፕሲግ በተዘመረው የማቴዎስ ሕማማት ውስጥ ጴጥሮስ ጌታውን ክዶ ካለቀሰ በኋላ አልቶው ምሕረት ይለምናል። ብቸኛ ቫዮሊን ጎን ለጎን ሲያለቅስ ዘማሪው ቃሉን ከጌጡ ሥር መቅበር የለበትም።

ይሁን እንጂ ካውንተርቴነር የዘመኑ ብቸኛው ትክክለኛ ድምፅ ነው ማለት ስሕተት ነው። ቪቫልዲ ብዙ መንፈሳዊ ሥራዎቹን የጻፈው በቬኒስ የተጣሉ ልጆች ማሳደጊያ በሆነው በኦስፔዳሌ ዴላ ፒዬታ ለሚያድጉ ሴቶች ነው። የሌላው የዘመኑ የዜማ ደራሲ የሃንዴል «መሲህ» እ.ኤ.አ. በ1742 በደብሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብም ስለ ተናቀው ክርስቶስ የሚናገረውን አሪያ (የብቸኛ ዘማሪ ዜማ) የዘመረችው ሱዛና ሲበር ናት። ዛሬ እነዚህን ሥራዎች ሴቶችም ካውንተርቴነሮችም ይዘምሯቸዋል። «ኒሲ ዶሚኑስ»ን ከካውንተርቴነሮች መካከል ጀርመናዊው አንድሪያስ ሾልና ፈረንሳዊው ፊሊፕ ዣሩስኪ ቀርጸውታል፤ የሾል ድምፅ ክብና የረጋ፣ የዣሩስኪ ቀለል ያለና ብሩህ ነው። ለእንቅልፉ ስንኝ እኔ የሾልን እመርጣለሁ።