ሆረር ያልሆኑ ጌሞች ላይ ስለሚያስፈሩ ነገሮች የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

ጅማ መርካቶ አካባቢ ጌም ቤት ውስጥ ያደገ ያውቀዋል፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የሚባለው ጌም ላይ ጫካው ጋ ስትደርስ ከኋላህ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሳይቀሩ ፀጥ ይላሉ። ባለፈው የእህቴ ልጅ ማይንክራፍት (በብሎክ የሚቆፈርበትና የሚገነባበት ጌም) ሲጫወት ደንግጦ ስልኩን ጥሎ ተነሳ፣ ቤተሰቡ ሳቀበት፣ እኔ ግን አሳዘነኝ፣ ለዛ ነው ይሄን የምፅፈው።

"ሆረር ካልሆነ አያስፈራም፣ የፈራ ቦቅቧቃ ነው" ይባላል። እንደውም ሆረር፣ ማለትም ለማስፈራራት የተሰራ ጌም፣ ስትከፍት ልብህን አዘጋጅተህ ነው የምትገባው፣ ፈጣኑን ጃርት ሶኒክን ግን የከፈትከው ለመሮጥ ነው። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒክ ላይ ውሃ ውስጥ ከገባህ ያለህ አየር 30 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ሊያልቅ ሲል ሙዚቃው ይቀየርና እየፈጠነ ይሄዳል፣ ከ5 ጀምሮ ቁጥር ይቀንሳል፣ አንተ ደግሞ አረፋ ፍለጋ ትራወጣለህ ግን ውሃው ስለያዘህ እንደለመድከው መሮጥ አትችልም። ጭራቅ የለም ደም የለም፣ እጅህ ግን ያልብሃል።

"ሳን አንድሪያስ ውስጥ ቢግፉት (ጫካ ውስጥ ይኖራል የሚባለው ግዙፍ ፀጉራም ፍጥረት) አለ" የሚለውን ስንት ሌሊት ፈልገነዋል መሰላችሁ። የለም፣ በ2004ቱ ጌም ውስጥ አልተሰራም። በ2013 የወጣው ጂቲኤ 5 ላይ አንዱ ሚሽን ቢግፉት ያሳድንሃል፣ እሱም ስትደርስበት ልብሱን የለበሰ ሰው ነው። ሾፌር የሌለው መኪና ግን እውነት ነው! ባክ ኦ ቢዮንድ ጫካ ውስጥ ግሌንዴል የሚባል የተጨራመተ መኪና ብቻውን ቁልቁል ይመጣብሃል። ጂን አይደለም ወላሂ፣ ጌሙ ስትጠጋ መኪናውን ቁልቁለት ላይ ያስቀምጠዋል፣ የያዘው ነገር ስለሌለ ይንሸራተታል፣ ጂሬን ዳገት ላይ ሃንድ ብሬክ ሳይሳብ የቆመ ባጃጅ አስቡ በቃ። ለኔ ከመኪናው በላይ የሚያስፈራው ቦታው ራሱ ነው፣ ከከተማው ጡሩምባና ግርግር ወጥተህ ጭጋግ ውስጥ ትገባለህ፣ ሰው የለም፣ ሚሽን የለም፣ ምን ልታደርግ እንደመጣህም አታውቅም።

ማይንክራፍት ላይ ደግሞ "ዋሻ ውስጥ ያ በድንገት የሚመጣው አስፈሪ ድምፅ ከተሰማ ከኋላህ የሆነ ነገር አለ" ይላሉ። ድምፁ የሚመጣው ቦታው ጨለማ ስለሆነ ነው፣ ጭራቅ ቀረበ አልቀረበ አይገናኝም። ጌሙ ውስጥ ይዞራል የሚባለው ዓይኑ ነጭ መንፈስ ሄሮብራይንም ቢሆን በ2010 ተጫዋቾች የፈጠሩት ወሬ ነው፣ ሰሪዎቹ አፕዴት ሲያወጡ "ሄሮብራይንን አጥፍተናል" እያሉ ለቀልድ ይፅፉ ስለነበር ብዙ ልጅ የምር አመነው።

የእህቴን ልጅ ያስደነገጠው ዋርደን ነው፣ በ2022 ማይንክራፍት ውስጥ የገባው የጥልቅ ዋሻ ጭራቅ። "ዓይን ስለሌለው ዝም ብለህ ከቆምክ አያገኝህም" ብለውት ቆሞ ጠበቀው! ዋርደን ንዝረት ይሰማል፣ ያሸታልም፣ ቅርብ ከሆንክ ብትቆምም ያገኝሃል፣ ኖርማል ላይ ጥሩር ካልለበስክ አንድ ምት በቂ ነው፣ ከሩቅ የሚለቀው ድምፅ ደግሞ ግድግዳ አልፎ ይመታል። የተሰራው እንድትሸሸው እንጂ እንድትገጥመው አይደለም። ጎንበስ ብለህ ሂድ ወይ የሱፍ ብሎክ አንጥፈህ ተራመድ፣ ሱፍ ላይ የእግር ኮቴ አይሰማውም። ልጁ አሁን ሱፍ ሳይዝ አይወርድም፣ እታች ሲደርስ ደግሞ አጠገቡ ያለነውን ዝም በሉ ይለናል።