ውኃው መጣ፣ ሙሴ ግን አልገባም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እንዴት ሰነበታችሁ ወንድሞችና እኅቶች? ከጥምቀት ወዲህ አንድ ነገር ውስጤን ሲበላኝ ሰነበተ። ልናገረውና ይውጣልኝ።

ዘንድሮ እዚህ ባሕር ዳር፣ በጥምቀተ ባሕሩ ሰልፍ ከሚያስከብሩት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። በእጄ ዘንግ ይዣለሁ። ከሌሊት ጀምሮ ስለቆምኩ እግሬ ዝሏል፣ ድምፄም ተዘግቷል። ውኃው ተባርኮ መረጨት ሲጀምር ሕዝቡ ገፋ፤ መቼም ታውቁታላችሁ። አንዲት እናት ባዶ ሃይላንድ ይዘው በገመዱ ሥር ሾልከው ገቡ። «ወደ ኋላ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም። ሃይላንዱን በዘንጉ መታሁት፣ ከእጃቸው ወደቀ። «ቆይ እንሰጥዎታለን እኮ! ምን ያስቸኩልዎታል?» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አነሡትና ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተን መች ለመንኩህ ልጄ?» አሉኝ።

ትንሽ ቆይቶ ሃይላንዳቸው ሞላ፤ አይቻለሁ። እኔ ግን የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ኦሪት ዘኍልቍ 20ን ገለጥኩ።

ታሪኩን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሕዝቡ ቃዴስ ላይ ውኃ አጣ፣ ከሙሴ ጋር ተጣላ። እግዚአብሔር ሙሴን በትርህን ውሰድ፣ ከአሮን ጋር ሆናችሁ ድንጋዩን ተናገሩት አለው። በትሩን ያዝ አለው እንጂ ምታበት አላለውም። ሙሴ ግን እጁን አንሥቶ ሁለት ጊዜ መታ።

ለምን መታ? እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ በፊት መትቶ ስለሆነለት ነው። ዘጸአት 17ን ተመልከቱ። ራፊዲም ላይ ዓለቱን ምታ ብሎ ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ ያኔ መምታቱ መታዘዝ ነበር። ቃዴስ ላይ ግን ትእዛዙ ሌላ ሆኖ ሳለ እጁ የለመደውን ሠራ። አገልግሎት የለመድን ሰዎች በሽታችን ይኼ ነው፤ ጌታ ዛሬ ምን እንዳለን ሳንሰማ አምና በሠራልን እንሄዳለን።

ከመምታቱ በፊት ደግሞ እንዲህ አለ፦ «በውኑ ከዚህ ድንጋይ ውኃን እናወጣላችኋለንን?» እስቲ ቃሏን ደግማችሁ አንብቧት። እናወጣላችኋለን! እነማን? ሙሴና አሮን ናቸው እንዴ ውኃ የሚያወጡት? እግዚአብሔር የት ሄደ? እዚህ ስደርስ የራሴ «እንሰጥዎታለን እኮ» ትዝ አለኝና መጽሐፉን አጠፍኩት።

እኔን ያስፈራኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ውኃው መጣ። ያውም ብዙ ውኃ፣ ሕዝቡም ከብቱም ጠጣ። ድንጋዩ ዝም ቢል ኖሮ ሙሴ እዚያው ቆሞ ደንግጦ ጥፋቱን ባወቀ ነበር። እግዚአብሔር ግን የተጠማውን ሕዝብ በሙሴ ጥፋት አላስጠማም። ለሕዝቡ ውኃውን ሰጠ፣ ሙሴንና አሮንን ግን ወደ ምድሪቱ ይህን ሕዝብ ይዛችሁ አትገቡም አላቸው።

ይኼን የምላችሁ ለምን መሰላችሁ? ከአገልጋዮቻችን አንዱን ምን ሆነህ ነው ስትለው «ሕዝቡ እኮ ተባርኳል፣ ጉባኤው እኮ ሞልቷል፣ በሽተኛው እኮ ድኗል» ይልሃል። እሺ ድኗል፣ ተመስገን! ግን እሱ ስላንተ ምን ይናገራል? ማይክ ይዘን ምእመኑን የምንሰድብ፣ መስቀል ይዘን የምንገፈትር፣ እንደኔ ዘንግ ይዘን የደከመች እናት የምናስደነግጥ ሁሉ፣ ውኃው ስለመጣ ብቻ እግዚአብሔር በእኛ ደስ ብሎታል ብለን እንተኛለን። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ያ ዓለት ክርስቶስ ነበረ ይላል። እንግዲህ ሙሴ በንዴት የመታው ማንን ነበር? ይቺን ካሰብኩ ወዲህ የዚያ ሃይላንድ ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ።

በሳምንቱ በጀልባ ተሻግሬ ዘጌ ሄድኩ፤ የንስሐ አባቴ እዚያ ናቸው። ዘጌን ለማታውቁት፣ እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። ከአቡነ በትረ ማርያም የወረደ ሥርዓት ነው ይላሉ፤ ሕዝቡም በቡናውና በጌሾው ይኖራል። ቢታረስ ያዋጣል ወይ ብሎ የሚከራከር ሰው አልገጠመኝም። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚሁ ነው። (የጻድቁ ስም ራሱ በትር መሆኑ ጀልባው ላይ ሳለሁ ነው ብልጭ ያለልኝ።)

ለአባ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዘንጉን ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

«ኮሚቴው ነው አባቴ።»

«ምታበት አሉህ?»

«ኧረ አላሉኝም።»

ዝም አሉ። ቀጥለው ያሉኝን ግን አልጠበቅሁትም። «ሙሴ እኮ እኅቱን ቀብሮ መምጣቱ ነበር» አሉ። እውነትም ምዕራፉ የሚጀምረው በማርያም ሞት ነው፤ ስንት ጊዜ አንብቤው ልብ አላልኩትም። ሐዘንተኛ ነበር፣ ደክሞት ነበር፣ ሕዝቡም አልራራለትም። በምድር ካሉት ሰዎች ሁሉ ትሑት የተባለው ሰው እንኳ በዚያች ቀን አመለጠው። በአገልግሎት የዛላችሁ፣ ማንም አይዟችሁ ያላላችሁ፣ አንድ ቀን አምልጧችሁ ጮኻችሁ እስከ ዛሬ የምታፍሩ፣ አባ ይኼን ለእናንተም ያሉት ይመስለኛል።

ደግሞም እግዚአብሔር ሙሴን አልጣለውም። ልግባ ብሎ ሲለምን «ይበቃሃል» አለው፣ ግን ናባው ላይ አውጥቶ ምድሪቱን አሳየው። ከዚያስ? በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቡሄ ስንል፣ ችቦ ስናበራ፣ በደብረ ታቦር ከጌታ ጋር ሲነጋገሩ የታዩት ኤልያስና ሙሴ አይደሉ እንዴ? ታቦር የት ነው? እዚያችው ተከልክሎባት በነበረችው ምድር ላይ! ሙሴ ገባ። ሕዝብ እየመራ፣ በትር ይዞ ሳይሆን ጌታው ጠርቶት ገባ።

አባ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደቱ ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም። ለከርሞ ጥምቀት ግን ዘንግ እንዳልይዝ፣ ባዶ ሃይላንድ ይዤ ከሰልፉ ጭራ እንድቆም አዘውኛል።