የመከራከሪያ አንቀጽ በጎጃም የእንግሊዝኛ ክፍሎች

የመከራከሪያ አንቀጽ አንድ አቋም ይዞ አንባቢን ለማሳመን የሚጻፍ አጭር ጽሑፍ ነው። ርዕሱ የሚያሟግት መሆን አለበት። «ደብረ ማርቆስ ከተማ ናት» ቢባል ማን ይከራከራል? «ገበሬ ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል የለበትም» ከተባለ ግን ጎጃም ውስጥ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል።

ሙግት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ናቸው። ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ይህ ልምድ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍም ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። አካሄዱ ግን ይለያል። ቅኔ ወርቁን በሰም ይሸፍናል፤ የመከራከሪያ አንቀጽ ወርቁን መጀመሪያው ላይ ያወጣዋል። የአገር ሽማግሌም ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አንስቶ ፍርዱን መጨረሻ ላይ ይሰጣል። ተማሪው በዚሁ ለምዶ አቋሙን ለመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ያቆየዋል።

የተለመደው አወቃቀር በቶፒክ ሴንተንስ፣ ማለትም አቋሙን በሚናገር መክፈቻ ዐረፍተ ነገር፣ ይጀምራል። «ስለ ባሕር ዛፍ እጽፋለሁ» ማለት አቋም አይደለም። ቀጥሎ ምክንያት ይመጣል፦ ዛፉ ብዙ ውኃ ይስባል። ከዚያ ማስረጃ፦ ዛፉ ከተተከለ ወዲህ በበጋ የሚደርቅ የሰፈር ምንጭ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። ማስረጃው አቋሙን እንዴት እንደሚደግፍ ማስረዳት ይቀራል፤ ምንጩ በሌላ ምክንያት ደርቆ ቢሆንስ? ቀጥሎ የተቃራኒው ወገን ሐሳብ በቅንነት ይቀርባል፦ ባሕር ዛፍ ማገዶና ጥሬ ገንዘብ ነው። መልሱም ይከተላል፦ ከምንጭ ርቆ ቢተከል ገቢው አይቀርም። መዝጊያው አቋሙን በሌላ ቃል ያጸናል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም።

ማያያዣ ቃላት ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። በአማርኛ «ቢሆንም ግን» ስለምንል ተማሪው «ኦልዞው» (ምንም እንኳ) ብሎ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር መሐሉ ላይ «በት» (ግን) ይጨምርበታል። እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

በንጉሡ ዘመን፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ፒስ ኮር የተባለው የአሜሪካ የበጎ ፈቃድ ድርጅት መምህራን በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ አስተምረዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ አስቀምጧል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተሰጡ አማራጮች መልስ የሚመረጥበት ስለሆነ ተማሪው አንቀጽ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። በመሆኑም የራይቲንግ (የጽሕፈት) ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ ለሰዋስው ይሰጣል። ይህ ያሳዝናል፤ ልጆቹ የሚሉት አላቸውና። ተማሪ የበዛበት መምህር የሁሉንም ደብተር ማረም ስለማይችል በቡድን ያጽፋል። አንዱ ቡድን ለመትከል፣ ሌላው ላለመትከል ይጽፍና ወረቀት ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ቡድን በሌላው ወረቀት ላይ አቋሙን በአንድ መስመር፣ ማስረጃውን በሁለት መስመር ያሰምራል። ሁለት መስመር የታጣበት ወረቀት እንደገና ይጻፋል።