በድሬዳዋ ፋብሪካዎች የፎልት (የብልሽት) መዝገብ፦ እንዴት ይያዛል፣ እንዴት ይጠፋል?

ድሬዳዋ ከጥንስሷ የባለሙያ ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ከተማዋም አብራው ተቆረቆረች። የምድር ባቡሩ አውደ ጥገናም ብዙ ትውልድ ባለሙያ አፍርቷል። ያኔ የማሽን ብልሽት የሚታወሰው በሰው ጭንቅላትና በወረቀት ነበር።

ዛሬ በሲሚንቶው፣ በጨርቃጨርቁና በምግቡ ፋብሪካ ማሽኑን የሚያዘው ፒኤልሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው። ብልሽቱንም ራሱ ይመዘግባል። ምን እንደሆነ፣ የቱ ሞጁል (የመቆጣጠሪያው ክፍል) ላይ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ይጽፋል።

ቦታው ግን ውስን ነው። ኤስ7-1200 የሚባለው የሲመንስ ፒኤልሲ የሚይዘው 50 ክስተት ነው። 51ኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይወጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የሚተርፉት የመጨረሻዎቹ 10 ብቻ ናቸው። ሽቦው የላላ አንድ የአናሎግ ሴንሰር እየተቋረጠ እየተመለሰ ቦታውን ብቻውን ሊሞላው ይችላል። ዋናው መንስኤ ተገፍቶ ይጠፋል።

ሰዓቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መዝገቡ 14፡20 ካለ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው። የሰዓት ክልሉ በትክክል ካልተሞላ ሌላ 3 ሰዓት ይዛነፋል። ኤስ7-1200 ያለ መብራት ከቆየም ሰዓቱን ይረሳል። በአምራቹ መመሪያ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ 20 ቀን፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት ግን ቢያንስ 12 ቀን ይይዛል። ለድሬ ሙቀት ይህቺን ቁጥር ማወቅ ግድ ነው።

ሪሴት ማድረግና መዝገብ ማጽዳት አንድ አይደሉም። ሪሴት ቀይ መብራቱን ያጠፋል፣ ታሪኩ ይቀራል። በሌላው የሲመንስ ፒኤልሲ፣ በኤስ7-300፣ ሜሞሪው ሙሉ ሪሴት ቢደረግ እንኳ የፎልት መዝገቡ አይነካም። ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ላይ ግን ማጥፋት ቀላል ነው። ማይክሮማስተር 440 በሚባለው ድራይቭ ፒ0952 የሚባለውን ቅንብር ዜሮ ማድረግ ይበቃል።

ከጥገና በኋላ ይጸዳ ወይስ ይቆይ በሚለው ባለሙያዎች አይስማሙም። ሲጸዳ አዲሱ ፎልት ቶሎ ይለያል የሚሉ አሉ፣ እውነት አላቸው። መዝገቡን ሌላ ቦታ ሳይቀዱ ማጽዳት ግን ስህተት ነው፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

በአንድ ፋብሪካ ድራይቩ ከሰዓት በኋላ ሦስቴ ቆመ። ተረኛው ታሪኩን አጠፋው። ስንደርስ የቀረው «ኤፍ ዜሮ ዜሮ ምናምን ይል ነበር» የሚል ትዝታ ብቻ ነው። የመብራት መውረድ ይሆናል፣ ኤፍ0003 ነው ብለን መስመሩን ፈተሽን። ሞተሩን ፈታን፣ ኬብሉን ለካን። በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ራሱ ደገመው፦ ኤፍ0004፣ ከመጠን በላይ ሙቀት። የፓኔሉን በር ስንከፍት ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ ቆሟል።