የውቅያኖስ የሙቀት ሂሳብ ምንድን ነው? ሳተላይትስ እንዴት ይለካዋል?

የዓለም ሙቀት ጨመረ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አየሩን ነው። ዋናው ሙቀት ግን ያለው ባሕር ውስጥ ነው። የግሪንሃውስ ጋዞች ምድር ላይ ካስቀሩት ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ያህሉን የዋጠው ውቅያኖስ ነው።

የሙቀት ሂሳብ የሚባለው የዚህ ገቢና ወጪ ነው። ገቢው በዋናነት የፀሐይ ብርሃን ነው። ወጪው ደግሞ ባሕሩ በጨረር፣ በትነትና አየሩን በማሞቅ የሚያጣው ሙቀት ነው። የተረፈው ውኃው ውስጥ ይጠራቀማል። ከባዱ ነገር ይህን የተጠራቀመውን መለካት ነው።

ሳተላይቶች የባሕሩን ገጽ ሙቀት ማንበብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ግን ኢንፍራሬድ የተባለውን ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር የሚያነበው መሣሪያ የሚያየው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ደመና ካለ እሱንም አያይም። ሙቀቱ ደግሞ በመቶዎችና በሺዎች ሜትር ጥልቀት ድረስ ገብቷል። ታዲያ ከጠፈር ሆኖ እንዴት ይታወቃል?

መፍትሔው ድንቅ ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። ውቅያኖስ ሲሰፋ መሄጃው ወደ ላይ ስለሆነ ከፍታው ይጨምራል። ስለዚህ ከፍታውን የለካ ጥልቁን አየ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ናሳና የፈረንሳይ የጠፈር ድርጅት ቶፔክስ/ፖሳይደን የተባለውን ሳተላይት አመጠቁ። 1,336 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ የራዳር ሞገድ ይልክ ነበር፤ ሞገዱ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜም ይለካ ነበር። ከዚያ ሁሉ ርቀት ስህተቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነበር! ጄሰን የተባሉት ሳተላይቶች ተከተሉት፤ በ2020 ደግሞ ሴንቲኔል-6 መጣ። በ2015 ኤልኒኞ በምሥራቅ ፓስፊክ ሙቅ ውኃ ሲያከማች ባሕሩ እዚያ ከፍ ብሎ ታይቷል። እኛ ዘንድ፣ በኢትዮጵያ፣ በዚያው ዓመት የክረምቱ ዝናብ በብዙ ቦታ ቀርቶ ሚሊዮኖች እርዳታ ጠባቂ ሆነዋል።

ባሕር ግን ስለሞቀ ብቻ አይደለም ከፍ የሚለው። ከግሪንላንድና ከአንታርክቲካ የቀለጠ በረዶ ሲገባበትም ከፍ ይላል። ይህን የሚለዩልን ከ2002 ጀምሮ የሠሩት ግሬስ የተባሉ መንታ ሳተላይቶችና በ2018 የመጠቁት ተተኪዎቻቸው ናቸው። መንታዎቹ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይከታተላሉ። ከታች ብዙ ክብደት ካለ የፊተኛው ቀድሞ ይሳባል፤ የመሃላቸው ርቀትም ይለወጣል። ከዚህ ለውጥ ባሕሩ ላይ የተጨመረው ውኃ ክብደት ይሰላል። የእሱ ድርሻ ከጠቅላላው ከፍታ ሲቀነስ የሚቀረው የሙቀቱ ድርሻ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሴሬስ የተባሉ የናሳ መሣሪያዎች ከምድር ወደ ጠፈር የሚመለሰውን ጨረር ይለካሉ፤ ከፀሐይ የሚገባውን ደግሞ ሌሎች መሣሪያዎች ይለካሉ። በአማካይ በካሬ ሜትር 340 ዋት ያህል ይገባል፤ ትርፉ ግን አንድ ዋት አካባቢ ነው። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት ሳተላይት ብቻውን አይጨርሰውም። ስለዚህ ሂሳቡ የሚስተካከለው አርጎ በተባሉ፣ ባሕር ውስጥ በሚንሳፈፉ መለኪያዎች ነው። 4,000 ያህል ናቸው፤ በየ10 ቀኑ ከ2,000 ሜትር ጥልቀት ሙቀትና ጨው እየለኩ ይወጣሉ። ሳተላይት መጣ ተብሎ ባሕር ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች በጀት ቢቀነስ ትልቅ ጥፋት ነው የምለው ለዚህ ነው።

በ2021 የወጣ ጥናት የሴሬስን ልኬት ባሕር ውስጥ ከተለካው ጋር አስተያየ። ከ2005 እስከ 2019 ትርፉ ሙቀት በግምት በእጥፍ ጨምሯል። ሁለቱም ለየብቻ ያሳዩት ጭማሪ ተቀራራቢ ነበር።