“የሣር ተጫዋች” የሚባለው ምንድን ነው?

ሰኔ ሲገባ የቴኒስ ወዳጆች አንድ የታወቀ ክርክር አላቸው። ፓሪስ ላይ የፍሬንች ኦፕን ዋንጫ ይነሳል። የሻምፒዮኗ ላብ ሳይደርቅ ጥያቄው ይከተላል፤ “እሺ፣ ሣር ላይስ?” ከሦስት ሳምንት በኋላ ለንደን ላይ ዊምብልደን ይጀመራላ! ፓሪስ የሚጫወቱት በቀይ የሸክላ አፈር ላይ ነው፤ ዊምብልደን ደግሞ በሣር ላይ። አንዱ “ይህቺን ልጅ ከእንግዲህ ማንም አያቆማትም” ይላል። ሌላው “ተዉ፣ የሣር ተጫዋች አይደለችም” ብሎ ይመልሳል። ለመሆኑ ይህ “የሣር ተጫዋች” የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ከፓሪስ ዋንጫ ተነስቶስ ስለ ለንደን መናገር ይቻላል?

ክርክሩ በጣም የጦፈበትን አንድ ዓመት ላንሳ። እ.ኤ.አ. 2017 ነው። የላትቪያዋ የሌና ኦስታፔንኮ ፓሪስ ስትገባ በዓለም 47ኛ ነበረች። በሙያዋ አንድም ትልቅ ዋንጫ አልነበራትም። ሲድ እንኳን አልነበረችም። ግራንድ ስላም በሚባሉት አራቱ ትልልቅ ውድድሮች ላይ 32 ተጫዋቾች እንደ ደረጃቸው ቁጥር ተሰጥቷቸው እስከ ሦስተኛው ዙር እርስ በርስ እንዳይገናኙ ይደረጋል፤ ሲድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እሷ ከዚህ ዝርዝር ውጪ ነበረች። 20ኛ ዓመት ልደቷን ያከበረችው ግማሽ ፍጻሜውን ባሸነፈችበት ቀን ነው። በፍጻሜው ሲሞና ሃሌፕ የመጀመሪያውን ክፍል 6 ለ 4 ወስዳ ሁለተኛውንም 3 ለ 0 መራቻት። አለቀ የተባለው ያኔ ነው። ልጅቷ ግን አልተሸማቀቀችም። ያገኘችውን ኳስ ሁሉ ባላት ኃይል ትመታው ጀመር። በሦስተኛው ክፍልም 3 ለ 1 ተመርታ ነበር፤ 6 ለ 3 አሸነፈች።

የዚያን ቀን ቁጥር እስካሁን ይገርመኛል። ሃሌፕ ልትደርስባቸው ያልቻለቻቸው የኦስታፔንኮ ምቶች 54 ናቸው። የሃሌፕ 8 ብቻ! ኦስታፔንኮ በራሷ ስህተት ያበላሸቻቸውም እንዲሁ 54 ናቸው። ፍሬንች ኦፕንን ሲድ ያልሆነች ሴት ስታሸንፍ ከ1933 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። “54 ስህተት የሠራች ሰው ዊምብልደን ላይ አንድ ሳምንት አትቆይም” የሚሉ ነበሩ። “እንዲያውም ሣር ይመቻታል” የሚሉም ነበሩ። ሁለቱን ለመዳኘት መጀመሪያ ሣሩን ማየት አለብን።

ኳሷ ሸክላ ላይ ስታርፍ አፈሩ ይይዛታል። ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ከፍ ብላም ትነሳለች። ተጫዋቹ ሮጦ ለመድረስ፣ እግሩን አስተካክሎ ለመምታት ጊዜ ያገኛል። ሣር ላይ ግን ኳሷ ትንሸራተታለች። ሣሩ እንደ ሸክላ አይዛትም፣ ከሥሩ ያለው አፈርም እንደ ሲሚንቶ አያነጥራትም። ፍጥነቷን እንደያዘች ዝቅ ብላ ትመጣለች። ሸክላ ላይ ትከሻህ ጋ የምትደርሰው ኳስ ሣር ላይ ጉልበትህ ጋ ናት። ከሥር ተቆርጣ የተመታች ኳስ ከሆነችማ ከመሬት ብዙም አትነሳም።

ስለዚህ ሣር ላይ የሚሸለመው ሌላ ሰው ነው። ጠንካራ ሰርቭ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት) ያለው ይጠቀማል፣ ሰርቩ ፍጥነቱን ብዙ ሳያጣ ስለሚደርስ። እጁን ብዙ ወደ ኋላ ሳይጎትት በአጭሩ የሚመታ ይጠቀማል፣ ጊዜ የለማ። ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ የሚል ይጠቀማል። የጀርመኗን አንጀሊክ ኬርበርን አይታችሁ እንደሆነ ኳሷ ዝቅ ስትል ጉልበቷ መሬት ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ትቀመጥና ከዚያው ትመታለች። ሰርቯ ያን ያህል አስፈሪ አይደለም። በ2018 ግን ሴሬና ዊሊያምስን በፍጻሜው 6 ለ 3፣ 6 ለ 3 አሸንፋ ዊምብልደንን ወሰደች። “ሣር ማለት ሰርቭ ነው” ብሎ ለሚዘጋ ሰው ሁሌ የማስታውሰው እሷን ነው።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምመለከተው እግርን ነው። ሸክላ ላይ ተጫዋቾች ሮጠው መጥተው እየተንሸራተቱ ይመታሉ፤ ፍሬናቸው መንሸራተቱ ነው። ሣር ላይ ይህንን የሞከረ ብዙውን ጊዜ ይወድቃል። እርምጃው አጭር አጭር መሆን አለበት። ጫማው ራሱ ልዩ ነው፤ ሶሉ ሥር ትናንሽ ጉጦች አሉት። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያው ሳምንት ሣር ለምለምና አንሸራታች ነው። በ2021 ሴሬና በመጀመሪያው ዙር በዋናው ሜዳ ላይ አዳልጧት እግሯ ተጎድቶ እያለቀሰች ወጣች። በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ፈረንሳዊው አድሪያን ማናሪኖ ከሮጀር ፌደረር ጋር ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳና ጨዋታውን መጨረስ አቃተው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከኋላ መስመር አካባቢ ያለው ሣር በእግር ብዛት ያልቃል። አፈሩ ይወጣል፣ እግርም ይይዛል። አንድ ውድድር ነው፤ ሜዳው ግን ሁለት ዓይነት ነው።

የድሮው ሣርና የዛሬው ሣር ይለያያል። ዊምብልደን ከ2001 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ራይ ግራስ በሚባለው ሣር ነው የሚዘራው። በፊት 30 በመቶው ሌላ ዓይነት ቀጭን ሣር ነበር። በውድድሩ ጊዜ ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሱ ሣር ጠንከር ይላል፣ መሬቱም ደረቅ ሆኖ ስለሚያዝ ኳሷ ከድሮው የተሻለ ትነሳለች። ሰርቭ መትቶ ወዲያው ወደ መረብ መሮጥ እየቀረ የመጣው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። “ሣር የድሮ ሰዎች ሜዳ ነው” የሚለው አባባል ዛሬ ብዙም አይሠራም። ራፋኤል ናዳል በ2008 እና በ2010፣ ካርሎስ አልካራዝ በ2024 ፓሪስንና ዊምብልደንን በአንድ ዓመት ወስደዋል። ሴሬናም በ2002 እና በ2015 አድርጋዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሣር ወቅት በጣም አጭር ነው። ፓሪስ ካለቀ አንስቶ ዊምብልደን እስኪጠናቀቅ አምስት ሳምንት ገደማ ነው። የቴኒስ ዓመት ግን ወደ አሥራ አንድ ወር ይረዝማል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የአሜሪካው ኦፕን እስከ 1974፣ የአውስትራሊያው እስከ 1987 በሣር ላይ ነበሩ። ከአራቱ ግራንድ ስላሞች ዛሬ ሣር ላይ የቀረው ዊምብልደን ብቻ ነው። በፓሪስና በዊምብልደን መካከል የነበረውም ጊዜ እስከ 2014 ድረስ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ሦስት የሆነው ከ2015 ጀምሮ ነው። አንድ ጎበዝ ተጫዋች በዓመት ሣር ላይ የሚገባው ሁለት ወይም ሦስት ውድድር ነው። ቶሎ ከተሸነፈ በዓመቱ የተጫወታቸው የሣር ጨዋታዎች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ።

“የሣር ተጫዋች ነች፣ አይደለችም” የምንለው በዚህች ትንሽ ማስረጃ ላይ ቆመን ነው። የዓለም ደረጃ የሚሰበሰበው በዋናነት ከሲሚንቶና ከሸክላ ነው። ስለ ሣር የሚነግረን ጥቂት ነው። ዊምብልደን ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። ከ2002 እስከ 2019 የወንዶቹን ሲድ የሚያወጣው በራሱ ቀመር ነበር። የዓለም ደረጃውን ነጥብ ይወስዳል፣ ባለፈው ዓመት በሣር ላይ የተገኘውን ነጥብ በሙሉ እንደገና ይደምርበታል፣ ካቻምና ከነበረው የሣር ውድድር ምርጡን ደግሞ 75 በመቶ ይጨምራል። በ2021 ቀመሩ ቀረና እንደሌላው ውድድር የዓለም ደረጃውን መከተል ጀመረ። ባይቀር ጥሩ ነበር እላለሁ። ሣርን እንደ ሣር የሚመዝን ብቸኛው ሚዛን እሱ ነበር።

እንግዲህ ወደ 2017 እንመለስ። ሴሬና እርጉዝ ነበረችና የለችም። ሜዳው ክፍት ነበር። ብዙ ሰው ፔትራ ክቪቶቫን መረጠ። ዊምብልደንን ሁለቴ ወስዳለች። በ2016 መጨረሻ ቤቷ የገባ ሰው በቢላ እጇን ጎድቷት ነበር። የምትጫወትበት ግራ እጇን! ከዚያ ተነስታ በሰኔ የበርሚንግሃምን የሣር ዋንጫ ስታነሳ ልቡ ያልተነካ የቴኒስ ወዳጅ አልነበረም። ሌላው ካሮሊና ፕሊሽኮቫን ያዘ፤ ኢስትቦርን በሚባለው የእንግሊዝ የሣር ውድድር ላይ አሸንፋ ነው የመጣችው። ሁለቱም በሁለተኛው ዙር ወጡ።

ፕሊሽኮቫን ያስወጣቻት የስሎቫኪያዋ ማግዳሌና ሪባሪኮቫ ናት፤ በዓለም 87ኛ። ድንቅ አለ ሁሉም። ግን ያን ያህል ድንቅ ነበር? ሪባሪኮቫ በዚያው ሰኔ ሰርቢተን እና ኢልክሊ በሚባሉ ትናንሽ የእንግሊዝ የሣር ውድድሮች ዋንጫ አንስታ ነበር። በ2009ም በርሚንግሃምን ወስዳለች። ማስረጃው ነበረ፤ ዓይን የጣለበት ግን አልነበረም። እስከ ግማሽ ፍጻሜው ሄደች።

ዋንጫውን የወሰደችው ደግሞ የስፔኗ ጋርቢኜ ሙጉሩዛ ናት። እሷን ለይቶ ማወቅ ከባድ ነበር። ከዊምብልደን በፊት ኢስትቦርን ላይ አንድ ጌም ብቻ (እንደ 6 ለ 4 ባለው ውጤት የሚቆጠረው ጌም ነው) አግኝታ ነው የተሸነፈችው። ሆኖም በ2015 የዊምብልደን ፍጻሜ ደርሳ ነበር። በዚያ ወር አጠገቧ የነበረችው የ1994ቷ የዊምብልደን ሻምፒዮን ኮንቺታ ማርቲኔዝ ናት። የ37 ዓመቷን ቪነስ ዊሊያምስን በፍጻሜው 7 ለ 5፣ 6 ለ 0 አሸነፈቻት። እኔ ከዚያ ወዲህ ካለፈው ሳምንት ውጤት ይልቅ ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት የነበረውን የሣር ታሪክ ማየት ጀምሬያለሁ።

ኦስታፔንኮስ? ተጠራጣሪዎቿ ተሳስተዋል። በዚያ ዓመት ሩብ ፍጻሜ ደርሳ በቪነስ ተሸነፈች። በ2018 ፓሪስ ላይ ዋንጫዋን ልታስከብር መጥታ በመጀመሪያው ዙር ወጣች፤ ዊምብልደን ላይ ግን ግማሽ ፍጻሜ ገባች። በ2021 ኢስትቦርንን ወሰደች። ሸክላ ላይ ስላሸነፈች የሸክላ ተጫዋች መሰለችን እንጂ ጨዋታዋ ቀድሞውንም ለሣር የቀረበ ነበር። ኳሷን ቀድማ፣ በአጭሩ፣ በኃይል ትመታለች። በ2014 የዊምብልደንን የወጣቶች ዋንጫ ያነሳችውም እሷ ናት። የፓሪሱ ጉዳይ ሲደነቅ ይህን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

አንዳንዴ ግን ምንም ማስረጃ አይገኝም። በ2023 የቼኳ ማርኬታ ቮንድሮውሾቫ በዓለም 42ኛ ሆና፣ ያለ ሲድ፣ ዊምብልደንን ወሰደች። ሲድ ያልሆነች ሴት ያንን ዋንጫ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ በፊት በዊምብልደን ዋናው ውድድር ያሸነፈችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ዓመት ቀደም ብሎ የእጅ አንጓዋ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በጄሶ ታስራ ለንደን የመጣችው ጓደኛዋን ለማየት ነበር። በፍጻሜው የቱኒዚያዋን ኦንስ ጃቤርን 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 አሸነፈቻት። ጃቤር በ2022 ከ1968 ወዲህ የግራንድ ስላም ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆና፣ ያኔም ዊምብልደን ላይ በካዛክስታኗ ኤሌና ሪባኪና ተሸንፋ ነበር። ኳስ በመቁረጥ፣ አታሎ ከመረቡ ሥር በመጣል፣ ለሣር የተፈጠረ እጅ ነው ያላት። እንደ አፍሪካዊ ተመልካች ያ ሁለተኛው ሽንፈት እስካሁን ይቆጨኛል። የሣር ተጫዋች መሆኗን ግን ዋንጫ ማጣቷ አይሽረውም። ቮንድሮውሾቫ ደግሞ በዓመቱ ዋንጫዋን ለማስከበር ተመልሳ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈች።

በቅርቡ ያየነው ደግሞ ኢጋ ሽቪዮንቴክ ናት። ፓሪስን አራት ጊዜ ወስዳለች። ዊምብልደን ላይ ከሩብ ፍጻሜ አልፋ አታውቅም ነበርና “ሣር ለእሷ አይሆንም” የሚለው ነገር እንደ ተፈታ ጉዳይ ነበር። በ2025 ፓሪስ ላይ በግማሽ ፍጻሜ ተሸነፈችና ጊዜ አገኘች። ጀርመን ባድ ሆምቡርግ ላይ ለሣር ውድድር ገብታ ፍጻሜ ደረሰች። በጄሲካ ፔጉላ ተሸነፈች፣ ግን ጨዋታዋ ሲቀየር ይታይ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዊምብልደንን ፍጻሜ አማንዳ አኒሲሞቫ ላይ 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 በ57 ደቂቃ ጨረሰችው። ሽቪዮንቴክም በ2018 የዊምብልደን የወጣቶች ሻምፒዮን ነበረች።

ስለዚህ ዘንድሮ ክርክሩ ሲነሳ ፓሪስ ላይ ማን ዋንጫ አነሳ ከማለት አልጀምርም። የማየው በርሊንን፣ ኢስትቦርንን፣ ባድ ሆምቡርግን ነው፤ በወንዶቹ ደግሞ ሃለንና የለንደኑን ኩዊንስ። አልካራዝ በ2023 የሣር ዋንጫ የመጀመሪያውን ያገኘው ኩዊንስ ላይ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ዊምብልደንን ወሰደ። ውጤቱን ብቻም አላይም። ተጫዋቹ በሁለተኛው ጨዋታው ላይ ከመጀመሪያው ባነሰ ፍርሃት ይሮጣል ወይ? ዝቅ ያለችው ኳስ ስትመጣ ወገቡን ብቻ ያጎነብሳል ወይስ ጉልበቱን ያጥፋል? ስሙ የማይታወቅ 87ኛ ሰው በትናንሽ የእንግሊዝ ከተሞች ዋንጫ እየሰበሰበ ከሆነም ስሙን እይዛለሁ።