«አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?»

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ትምህርት የጻፍኩት በቀበሌም ሆነ በከተማ ምክር ቤት ሕዝብ መርጧቸው የተቀመጡ ምእመናንን አስቤ ነው። በሐዋሳ አብያተ ክርስቲያናት መካከል እንደነዚህ ያሉ አሉ፤ እሁድ ከጎናችን ቆመው ይዘምራሉ፣ በሥራ ቀን ደግሞ በጉባኤ ተቀምጠው እጅ ያወጣሉ። እኛ መራጮቹም ብንሆን ከዚህ ነገር ውጭ አይደለንም፤ ወደ እኛ የሚመጣ ድርሻ አለና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ዮሐንስ ምዕራፍ 7 ከቁጥር 45 ጀምሮ የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ሲመክሩ ያሳየናል። ጌታን ይዘው እንዲመጡ የላኳቸው ሎሌዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አለቆቹ ተቆጡና መጀመሪያ ሎሌዎቹን ዘለፉ፤ ቀጥለው «ሕግን የማያውቀው ይህ ሕዝብ ርጉም ነው» አሉ። ሕዝብን ሊያስተዳድሩ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው ሕዝቡን የረገሙት! በዚህ መሀል ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኒቆዲሞስ አንድ ጥያቄ አነሣ፦ «ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ ምንስ እንዳደረገ ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን?»

ኒቆዲሞስ ማንንም አልሰደበም። ኢየሱስ መሲሕ ነው ብሎም አልተከራከረም። ያነሣው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ይሰማ፣ ሕጉ ይጠበቅ ነው ያለው። ለዚህ የተሰጠው መልስ ግን «አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?» የሚል ሆነ። ስለ ሕግ ተጠይቀው ስለ ትውልድ ቦታ መለሱ። ጥያቄውን መመለስ ሲያቅታቸው ጠያቂውን ከማን ወገን እንደሆነ ጠየቁት። አክለውም ከገሊላ ነቢይ እንደማይነሣ መርምርና እይ አሉት። ቢመረምሩ ኖሮ እነርሱ ነበሩ የሚያፍሩት፤ ነቢዩ ዮናስ የጋትሔፌር ሰው ነው (2ኛ ነገሥት 14፥25)፣ ጋትሔፌርም በዛብሎን ርስት፣ በገሊላ ምድር ያለች ከተማ ናት። ቁጣ እንዲህ ነው፤ መጻሕፍትን በቃሉ የሚያውቀውን ሰው እንኳ የሚያውቀውን ያስረሳዋል። ስብሰባው እንዴት እንደተፈጸመ ቁጥር 53 ሲነግረን «እያንዳንዱም ወደ ቤቱ ሄደ» ይላል። የኒቆዲሞስ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ሐዋሳ የምንኖር ሰዎች ይህን ክፍል ስናነብ ልባችን ሊነካ ይገባል። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው በአንድ ሰፈር የሚኖርባት ከተማ ናት። በሰኔ 2010 እና በሐምሌ 2011 የደረሰብንን ሐዘን ማንም አልረሳም። በመንገድ ላይ የፈነዳው የወገን ግጭት አስቀድሞ በአፍ ሲብላላ የቆየ ነበር። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል ስለ ውኃ መስመር ወይም ስለ ኮብልስቶን ጨረታ ሲጠይቅ፣ ከኋላ ወንበር «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው? ማን ልኮት ነው?» የሚል ማንሾካሾክ ቢነሣ፣ አማኝ የሆነ ሰው እንደ ተራ ወሬ ሊያልፈው አይችልም። «የጠየቀው ስለ ጨረታው ነውና ስለ ጨረታው ይመለስለት» የሚል አንድ ድምፅ ያስፈልጋል። ያን ድምፅ ማሰማት የአንተ ድርሻ ነው ወንድሜ፤ የአንቺም ነው እህቴ። ጠያቂው የሌላ ፓርቲ ሰው በሆነ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ።

በዚህ ምድር ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከጥንት አለ። የሲዳማ ሽማግሌዎች ነገር ሲያዩ በአፊኒ ሥርዓት «ሰማችሁ ወይ?» ተባብለው ነው የሚጀምሩት፤ ነገሩ በሁሉም ጆሮ ሳይደርስ ፍርድ አይቸኩልም። ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ ነገርን የሚመልስ ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል ይላል። አባቶች በዛፍ ጥላ ሥር የጠበቁትን፣ ማይክሮፎን ባለበት አዳራሽ ውስጥ መጣል ያሳዝናል። ሪፖርት ሲነበብ ስልክ መነካካት፣ የማይወዱት ሰው ሲናገር ከጎን ካለው ጋር ማውራት፣ ከዚያም እጅ አውጥቶ ያልሰሙትን መቃወም ወይም ያላነበቡትን መደገፍ፤ ይህ ጨዋነት የማጣት ብቻ አይደለም፣ በመረጠው ሕዝብ ፊት አለመታመን ነው።

መከባበር ሲባል ግን ሁሉን አሜን ማለት አይደለም። የአርማትያሱ ዮሴፍ የሸንጎ አማካሪ ነበር፤ ሉቃስ በጎና ጻድቅ ሰው ይለዋል፣ በምክራቸውና በሥራቸው እንዳልተባበረም ይመሰክርለታል (23፥50-51)። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የተጻፈው ለፌዴራሉ ምክር ቤት ቢሆንም ኅሊና ያለው የከተማ ተመራጭ ሁሉ ሊያጠናው የሚገባ ነው። ሳይሳደቡ «አልስማማም፣ ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ እኛ ወደ ምእመናኑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። አንድ ወንድም ተመርጦ ምክር ቤት ሲገባ ደስ ብሎን እጅ ጭነን እንጸልይለታለን። ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። አንዱ የልጁን ሥራ፣ ሌላው የይዞታ ካርታውን፣ ሌላው የንግድ ፈቃዱን ጉዳይ ይዞ ይመጣል። የከፋው ደግሞ እኛ ሽማግሌዎች ሆነን ቤቱ ሄደን፣ ቡና ተፈልቶልን፣ ጸልየን ስናበቃ «እንግዲህ አንተ እያለህልን የአምልኮ ቦታው ነገር...» ማለታችን ነው። የአምልኮ ቦታም ሆነ የመቃብር ቦታ መጠየቅ መብታችን ነው፤ በደብዳቤ፣ በመዝገብ ቤት በኩል፣ ተራችንን ጠብቀን። በጓዳ በር ስንሄድ ግን ለእግዚአብሔር ቤት ብለን ወንድማችንን አድሎ እንዲሠራ እየገፋነው ነው። ሙሴ እንዲመርጥ የተመከረው እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ የሚጠሉ ሰዎችን ነበር (ዘጸአት 18፥21)፤ እኛ ከመረጥን በኋላ ልናበላሻቸው አይገባም። ተመራጩም ቢሆን የወንድሙ ወይም የማኅበሩ ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ ሲቀርብ፣ «ይህ ነገር እኔን ይነካኛል» ብሎ አስታውቆ ከውይይቱ ይውጣ። ዘመድ ይቀየማል፤ ይቀየም።

በመጨረሻ በቁጣ አንደበቱ ላመለጠው ሰው የጳውሎስን ነገር ልንገረው። በሐዋርያት ሥራ 23 በሸንጎ ፊት ቆሞ ሲናገር ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ አፉን እንዲመቱት አዘዘ። ጳውሎስም በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ብሎ መለሰለት። ሊቀ ካህናቱ መሆኑን ሲነግሩት ግን፣ አለማወቁን ተናግሮ የሕዝብን አለቃ ክፉ መናገር የሚከለክለውን ሕግ ራሱ ጠቀሰ። በአሽሙር ነው ያለው የሚሉ አሉ፤ እኔ ከልቡ እንደሆነ አምናለሁ፤ የተጠቀሰው የእግዚአብሔር ቃል ነውና። ልብ በሉ፣ የተመታው እርሱ ነው፤ ሆኖም ቃሉን ያረመው በዚያው ሸንጎ፣ በዚያው ሰዓት ነው። አንተም በጉባኤ ፊት ሰው አዋርደህ ከሆነ፣ በሻይ ሰዓት ትከሻውን ይዘህ «ይቅርታ ወንድሜ» ማለት አይበቃም። ክቡር አፈ ጉባኤውን ዕድል ጠይቅ፣ ማይክሮፎኑን ክፈት፣ ስድቡን የሰሙት ሁሉ ይቅርታውንም ይስሙ።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በዚያ ሰሞን ምክር ቤቶች ሲሰበሰቡ ክርክሩም ይበዛል። በየቤት ኅብረታችሁ ስትጸልዩ፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እንዳዘዘው (1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1-2)፣ ተመራጮቻችሁን በስማቸው ጥሩ፤ ያልመረጣችሁትንም ሰው ስም ጨምሩ።